ማደሪያ ያለው ወንዝ

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል። አዋሽ ግን ማደሪያ አለው። ከጊንጪ አካባቢ፣ ከደጋው ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳያይ በጅቡቲ ጠረፍ፣ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ዓባይ ይዞት የሄደውን ግንድ ለጎረቤት ወይም ለባሕር ያስረክባል፤ አዋሽ የሚረከበው የለም። ውኃው በበረሃው ፀሐይ ይተናል፤ በውኃው የተሟሟው ጨውና ብረት ግን አይተንም። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ወደ ወንዝ የተደፋ ነገር ሁሉ፣ ብዙም ይድረስ ጥቂት፣ የጉዞው መጨረሻ አፋር ነው።

በዚህ ሸለቆ ሁለት ጅረቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ይጓዛሉ። አንደኛው ቁልቁል የሚወርደው ወንዝ ነው። ሁለተኛው ሽቅብ የሚወጣው ጎዳና ነው። ከጅቡቲ ወደብ የተነሣው የጭነት መኪና በጋላፊ ገብቶ፣ አሳይታን ተክታ የክልሉ ርእሰ ከተማ የሆነችውን ሰመራን አልፎ፣ በሎጊያ፣ በሚሌና በገዋኔ በኩል የባቡር ሐዲድ የወለዳት አዋሽ ሰባት ኪሎ ይደርሳል። ቴሌቪዥኑ፣ ኮምፒዩተሩና የእጅ ስልኩ በዚህ መንገድ ወደ መሀል አገር ይወጣሉ። ሰመራና አዋሽ የዕቃው በር ናቸው፤ ሸለቋቸው ደግሞ የቆሻሻው ማረፊያ ነው።

በዕቃው ሆድ ውስጥ ምን አለ? በአሮጌው ቴሌቪዥን መስታወትና በብየዳው ውስጥ እርሳስ፣ በቀድሞዎቹ ጠፍጣፋ ስክሪኖች መብራት ውስጥ ሜርኩሪ፣ በአንዳንድ ባትሪ ውስጥ ካድሚየም፣ በፕላስቲኩ ውስጥ እሳት እንዳይዘው የሚጨመር ብሮሚን ያለበት ውሕድ ይገኛል። ሰው ሲጠቀምበት ብዙም አያስፈራም። ሲሰበር፣ ሲቃጠልና ዝናብ ሲያጥበው ግን ሌላ ነገር ይሆናል።

ዓለም ይህን ወደ ሕግ ያመጣው ዘግይቶ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የኔዘርላንድስ ባለሥልጣናት 1.3 ሚሊዮን የሶኒ ፕሌይስቴሽን መጫወቻዎችን አገዱ፤ ምክንያቱ በገመዶቹ ውስጥ የተገኘው ካድሚየም ነበር። የአውሮፓ ኅብረት በጥር 2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እርሳስን፣ ሜርኩሪን፣ ካድሚየምን፣ አንድ ዓይነት ክሮሚየምንና ሁለት ዓይነት የብሮሚን ውሕዶችን በኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ውስጥ ገደበ፤ መመሪያው ከሐምሌ 1 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተፈጻሚ ሆነ። በካሊፎርኒያ ደግሞ በ1986 እ.ኤ.አ. በሕዝብ ድምፅ የጸደቀ ሕግ አለ። ማንም ሰው፣ እኔ ራሴ ተጎድቻለሁ ማለት ሳያስፈልገው፣ የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ስለ ሕዝብ ጥቅም አምራቹን መክሰስ ይችላል። በ2007 እ.ኤ.አ. አንድ የአካባቢ ጤና ተቋም በዚሁ ሕግ መሠረት ለአፕል ኩባንያ ማስጠንቀቂያ የሰጠው በአይፎን የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ውስጥ በተገኘ ፍታሌት በተባለ ማለስለሻ ኬሚካል ምክንያት ነበር።

ውድ አንባቢ፣ «ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው» እንዳትለኝ። እኛም ተመሳሳይ በር አለን። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ በአንቀጽ 11 ከካሊፎርኒያው ጋር የሚቀራረብ ነገር ይላል፦ ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት በበካዩ ላይ ለባለሥልጣኑ ወይም ለክልሉ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ለአገራችን የክስ ልማድ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በፍትሐ ብሔር ሙግት ከሳሽ አስቀድሞ የሚጠየቀው «አንተን ምን አገባህ?» ተብሎ ነውና።

ይህ በር አንድ ጊዜ ተንኳኩቷል። አክሽን ፕሮፌሽናልስ አሶሴሽን ፎር ዘ ፒፕል የተባለው የሲቪክ ድርጅት የአቃቂና የሞጆ ወንዞች በፋብሪካ ፍሳሽ ሲበከሉ ዝም ብሏል ሲል የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከሰሰ። ጉዳዩን የሰማው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በ2006 እ.ኤ.አ. የባለሥልጣኑን መቃወሚያ ተቀብሎ መዝገቡን ዘጋ። ሊከሰስ የሚገባው በካዩ እንጂ ተቆጣጣሪው አይደለም የሚል ነበር የነገሩ ፍሬ። ይግባኙም ውጤቱን አልለወጠውም። ወንዞቹ በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ ወደሚለው ጭብጥ ሳይገባ ሙግቱ ከደጅ ተመለሰ።

ለፍርዱ ፍትሐዊ ልሁን። አንቀጹ ራሱ አቤቱታው የሚቀርበው በሚበክለው ሰው ላይ ነው ይላል፤ ዳኛም ቃሉን ማንበብ አለበት። ይሁን እንጂ የአዋሽን ካርታ ዘርግታችሁ ተመልከቱ። አቃቂ በአባ ሳሙኤል በኩል አዋሽን ይቀላቀላል፤ ሞጆ ወደ ቆቃ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም አንድ ስም አለው። ዱብቲ ላይ ግመሉን የሚያጠጣ አፋር ውኃው ውስጥ ያለው ክሮሚየም ከየትኛው ቆዳ ፋብሪካ፣ እርሳሱ ከየትኛው ጋራዥ፣ ከየትኛው የስልክ መጠገኛ እንደ መጣ በምን ያውቃል? የአዲስ አበባው መሥሪያ ቤት ሥልጣን በከተማው ወሰን ያበቃል፤ የኦሮሚያውም እንዲሁ። ወሰን የማያውቀው ወንዙ ብቻ ነው። ክልሎችን የሚያገናኘው የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት አይጠየቅም ከተባለ፣ የታችኛው ሰው የሚከሰው ያጣል።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝና ከሙያዬ አንድ ነገር ልዋስ። ኮምፒዩተር ሲገዛ በመዝገብ ይሰፍራል፤ በየዓመቱ የእርጅና ተቀናሽ እየተሰላለት ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ ዋጋው ከምንም አይቆጠርም። ያን ጊዜ ወደ መጋዘን ይወርዳል፣ ወይም በሐራጅ ይሸጣል፣ ገዢውም መዳቡን ለማውጣት ገመዱን ያቃጥላል። የገንዘቡ ሂሳብ በትክክል ተዘግቷል። እርሳሱ ግን ከተገዛበት ቀን ጀምሮ አንድ ግራም አልቀነሰም። በሂሳብ መዝገባችን የማይታይ ዕዳ ማለት ይህ ነው፤ ከፋዩም ዕቃውን ገዝቶ የማያውቅ ሰው ሊሆን ይችላል።

ሕጉ ይህን ዕዳ ማየት ጀምሯል። በ2018 እ.ኤ.አ. የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090 እና የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻን የሚመለከተው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425 ወጥተዋል። የተጣሉ ኮምፒዩተሮች የሚፈቱበት ማዕከል የተቋቋመውም በዚያው በአቃቂ ነው። አቃቂ የሙግቱ ስም እንደ ነበረ ሁሉ የመፍትሔውም ሰፈር ለመሆን ተመርጧል። ሆኖም ሕግ በወረቀት የሚወለድ ቢሆንም የሚያድገው በሙግት ነው። የሚከስ ሰው የሌለው አንቀጽ፣ ቢላ የሌለው ሰገባ ይመስላል።

የ2006ቱን መዝገብ ብዙዎች እንደ ሽንፈት ያነሡታል። እኔ እንደ ግማሽ ታሪክ ነው የማየው። አንድ ድርጅት «ተጎድቻለሁ» ሳይል ስለ ወንዝ ችሎት መቆሙ፣ ወንዝ በዚህ አገር ጠበቃ ሊኖረው እንደሚችል አሳይቷል። የቀረው ግማሽ ተከሳሹን በስሙ መጥራት ነው፤ ለዚያም ውኃው በየደረጃው ተለክቶ፣ የተገኘው ነገር በይፋ ተመዝግቦ መቀመጥ አለበት። ከአቃቂ እስከ ዱብቲ እንዲህ ያለ መዝገብ ከኖረ፣ የአፋሩ አርብቶ አደር ፍርድ ቤት ሲደርስ «ማንን ትከሳለህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይዞ ይቀርባል። እስከዚያው ግን አዋሽ ከላይ የሰጠነውን ሁሉ ተሸክሞ ወደ ማደሪያው መውረዱን አይተውም።