ዳግም ልየታ

ከጌጃ ሰፈር ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም። ሌሊት የጠናበትን ሰው ደግፎ ወደዚያ መሮጥን የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል። እዚያም ሆነ ሌላ ትልቅ ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል ሲደረስ መጀመሪያ የሚገኘው «ትሪያጅ» የሚባለው ቦታ ነው። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ መለየት ማለት ነው። በአማርኛ «ልየታ» ሲባል ደስ ይለኛል። ዛሬ ላስተዋውቅ የፈለግሁት ግን ተከታዩን ነው፦ «ሪትሪያጅ»፣ በአማርኛ ዳግም ልየታ።

ልየታ ወረፋውን ቀድሞ ለመጣ ሳይሆን ለባሰበት ሰው ይሰጣል። ነርሷ ትንፋሽ ትቆጥራለች፤ የልብ ምት፣ የደም ግፊትና ሙቀት ትለካለች፤ በሽተኛው ሲጠሩት ይሰማ እንደሆነ ታያለች፤ ከዚያ ቀለም ትሰጣለች። በደቡብ አፍሪካ በተዘጋጀው የልየታ መለኪያ ቀይ ወዲያውኑ፣ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ፣ ቢጫ በ1 ሰዓት፣ አረንጓዴ በ4 ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት።

ቀለሙ የሚናገረው ግን ስለተለካበት ደቂቃ ብቻ ነው። ቢጫ የተሰጠው ሰው ወንበር ላይ ሦስት ሰዓት ቢቆይ ወረቀቱ ቢጫ እንዳለ ይቆያል፤ ሰውየው ግን ቀይ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ሞተር ሳይክል ገጭቶት ሆዱ ውስጥ የሚደማ ወጣት አስቡ። ወጣት ሰውነት ደም ሲጎድለው ልቡን እያፈጠነ፣ የደም ሥሮቹን እያጠበበ ግፊቱን ለጊዜው ይዞ ያቆያል። ስለዚህ ሲገባ «ግፊቱ ደህና ነው» ይባላል። ግፊቱ የሚወድቀው ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። ቀድሞ የሚያስጠነቅቀው የልብ ምቱ ነው፤ 90 የነበረው 110፣ ከዚያ 130 ይሆናል። ያን የሚያየው ተመልሶ የለካ ብቻ ነው።

ዳግም ልየታን «ክትትል» ብንለውስ? ክትትል በእኛ አፍ ሌላ ሆኗል። «የስኳር ክትትል አለኝ»፣ «የእርግዝና ክትትል ጀመረች» እንላለን፤ በቀጠሮ፣ በወራት የሚሄድ ነገር ነው። «ድጋሚ ምርመራ»ም አይሆንም፤ ሐኪም፣ ላቦራቶሪና ራጅ ያስታውሳል። ዳግም ልየታ ግን የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፦ እንደገና መለካት፣ ቀለሙን መቀየር ካስፈለገ መቀየር፣ ሰዓቱን መጻፍ። በኮሮና ጊዜ «ልየታ» በር ላይ ሙቀት መለካትን ጭምር ስለያዘ፣ «ዳግም» የሚለው ልዩነቱን በደንብ ያወጣዋል።

የዳግም ልየታን መዘግየት በነርሷ ላይ መጣል ይቀላል፤ ልክ ግን አይመስለኝም። የተኝቶ ሕክምና ክፍሎች አልጋ ሲሞላ፣ ታይቶ ያለቀው በሽተኛ ድንገተኛ ክፍል ይቀራል። ከክፍለ አገር ሪፈር ተጽፎለት የመጣው ይጨመርበታል። ያችው ነርስ ለተኙትም መድኃኒት ትሰጣለች፣ አዲስ የሚገባውንም ትለያለች፤ ወንበር ላይ ያለው ዝምተኛ ይረሳል። በአገራችን የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ሙያው ገና ወጣት ነው። ተመላልሶ የመለካቱ ሥራ ለአንድ ሰው ብቻ፣ በየተራው ተለይቶ ቢሰጥ እላለሁ።

አስታማሚም ድርሻ አለው። ያመጣችሁት ሰው ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቀው፣ ሲያወራ ቆይቶ ከደነዘዘ ወይም ከዘባረቀ፣ ወረፋችን ይድረስ ብላችሁ አትቀመጡ። ነርሷ ዘንድ ሂዱና «ከመጣን ወዲህ ብሶበታል፤ ዳግም ልየታ ይደረግለት» በሉ።