ራሱን የሚዘረዝር መዝገብና የወለጋ ከተሞች የጤና ቊጥር

በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎና በሻምቡ የሚገኙ የጤና ድርጅቶች የየወሩን ቊጥር የሚያስገቡት ዲኤችአይኤስ 2 በተባለ የኮምፒዩተር መዝገብ ነው። መዝገቡ ሥሩ በ1990ዎቹ ዓመታት (ዘመኑን ሁሉ፣ ካላመለከትን በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን) በደቡብ አፍሪካ ከተሠራው የጤና ሥራ የመጣ ሲሆን፣ ዛሬ የሚመራው በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው።

እኛ የምንመረምረው ግን አንድ ጠባብ ጥያቄ ነው። ሌላ ፕሮግራም ከዚህ መዝገብ የወባ ሕሙማንን ቊጥር ለመውሰድ ቢፈልግ፣ ምን ብሎ መጠየቅ እንደሚፈቀድለት በምን ያውቃል? የመጠየቂያው በር ዌብ ኤፒአይ ይባላል፤ በበሩ የሚፈቀዱት የጥያቄ ዓይነቶች ደግሞ ሜቶድ ይባላሉ። የነዚህን ዝርዝር ሰው በእጁ የጻፈው እንደ ሆነ፣ ፕሮግራሙ ሲለወጥ ዝርዝሩ እንደ ነበረ ይቀራል፤ አንባቢውም የሌለ በር ሲያንኳኳ ይውላል።

ስለዚህ ዝርዝሩን ከፕሮግራሙ ከራሱ ማውጣት ተፈለገ። ጃቫ የተባለው ቋንቋ በ1996 ሲወጣ ጃቫዶክ የሚባል መሣሪያ አብሮት ነበር፤ ይህም ጸሐፊው በፕሮግራሙ መካከል የተወውን ማስታወሻ ከሜቶዱ ስም ጋራ ለቅሞ ገጽ ያዘጋጃል። ለዌብ ኤፒአይ ይህን ልማድ ያስፋፋው በ2011 የወጣው ስዋገር ሲሆን፣ ኋላ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ሆኖ ኦፕንኤፒአይ ተብሏል። ዲኤችአይኤስ 2ም በቅርብ ዓመታት እትሞቹ በዚሁ ሥርዐት ራሱን ይዘረዝራል። ስዋገርን የሠራው ዎርድኒክ የተባለ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ድርጅት ነው፤ ይህ እንዲያው ያጋጣሚ ነገር አይመስለንም።

ነቀምትም የራሷ የመዝገበ ቃላት ታሪክ አላት። አስቴር ጋኖ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ሳሉ፣ በኦኔሲሞስ ነሲብ አሳሳቢነት የኦሮምኛ ቃላትን ሰብስበዋል። ምንጫቸው መጽሐፍ ሳይሆን ራሱ የሚነገረው ቋንቋ ነበር። ነገር ግን በቃላቱ ብቻ አላበቁም፤ አምስት መቶ ያህል ተረት፣ እንቈቅልሽ፣ ምሳሌና ዘፈን ጽፈዋል። ከዚህም ብዙው በ1894 በታተመው የጀማሪዎች ማንበቢያ ገብቷል። በ1904 ሁለቱም ወደ ወለጋ መጥተው በነቀምት አስተማሩ። ቃሉ መኖሩን ዝርዝሩ ይነግረናል፤ መቼና እንዴት እንደሚነገር የምናውቀው ግን ከተረቱ ነው።

ከመኪናው ዝርዝር የሚጐድለውም ይኸው ነው። ዝርዝሩ ለአንድ ሜቶድ ጊዜ መስጠት እንደሚያስፈልግ፣ ጊዜውም በጽሑፍ መልክ እንደሚገባ ይናገራል። አንድ ሰው 201301 ብሎ ቢጽፍስ? በኛ አቈጣጠር መስከረም 2013 ነው፤ በአውሮፓ ግን ጃንዩወሪ 2013። መዝገቡ በሁለቱም አቈጣጠር ሊሠራ ይችላል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ነው። ሁለቱም በቅርጻቸው ትክክል ናቸውና መኪናው ስሕተት ነው አይልም። ወባ ከልኩ በላይ መነሣቱ የሚታወቀው የዘንድሮው ቊጥር ካለፉት ዓመታት ተመሳሳይ ጊዜ ጋራ ሲነጻጸር ስለ ሆነ፣ አቈጣጠሩን ያላወቀ ፕሮግራም ለጊምቢ የሚያስፈልገውን መድኀኒት ሊያስቀር ይችላል። በአገራችን የጤና ሪፖርት ወር ካለፈው ወር 21 ቀን ጀምሮ እስከ 20 መቈጠሩንም ማንም መሣሪያ ከፕሮግራሙ ውስጥ ለቅሞ አያወጣውም፤ እዚያ አልተጻፈምና።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ከዚህ ተነሥተው የእጁ ጽሑፍ ይሻላል ይላሉ። እኛ አንስማማም፤ የእጅ ዝርዝር በአንድ ዓመት ውስጥ ያረጃል። ይልቅስ ዲኤችአይኤስ 2 ለእያንዳንዱ ለሚቈጠር ነገርና ለእያንዳንዱ የሪፖርት ቅጽ መግለጫ የሚጻፍበት ቦታ አለው፤ በዚያ የገባው ቃል ቊጥሩን በሚያወጣው በር አብሮ ይወጣል። የወሩን አቈጣጠርና የወባውን ቊጥር ትርጕም እዚያ መጻፍ የሚገባው፣ ቊጥሩን በየወሩ የሚያስገባው የነቀምቱ ባለሙያ ነው እንላለን፤ የአዲስ አበባው መሐንዲስ ይህን ከሱ ካልሰማ ከሌላ አያገኘውም።