የቫሪኮስ ሕክምና በዘመን ሚዛን

የሕክምና ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው አዲሱ መሣሪያ የተፈለሰፈበት ቀን እንጂ፣ ታማሚው ከዓመታት በኋላ በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ አይደለም። ቫሪኮስ እየተባለ የሚጠራው የእግር ደም ሥር መወጣጠር ይህን ጉድለት አጉልቶ ያሳያል። በኮሎምበስ ሰሜን ምሥራቅ፣ በብሌንደን ታውንሺፕና በአካባቢው ለሚኖረው ኢትዮጵያዊ ጉዳዩ የሩቅ አይደለም፤ በመጋዘን፣ በሆቴልና በመኪና ማቆሚያ ቀኑን ቆሞ የሚውል ወገን አለና። ይህ አጭር ጽሑፍ፣ ያለ ትልቅ ቀዶ ጥገና የሚከናወኑት አዳዲስ ሕክምናዎች በጊዜ ርዝመት ሲመዘኑ ምን ያህል እንደ ጸኑ ለመመርመር ይሞክራል።

በመሠረቱ ሕመሙ የሚመነጨው ከደም መልስ ቧንቧዎች ነው። በውስጣቸው ያሉት ቫልቮች ደም ወደ ልብ ሲወጣ ይከፈታሉ፤ ወደ ታች እንዳይመለስም ይዘጋሉ። ቫልቮቹ ሲላሉ ደሙ ይጠራቀማል፤ ሥሩም አብጦ ይጠማዘዛል። ሲብስ ከቁርጭምጭሚት በላይ በቶሎ የማይድን ቁስል ይወጣል። ውርስ፣ ዕድሜ፣ እርግዝናና ለረዥም ሰዓት መቆም ያባብሱታል። በእኛ ባህል ግን መቆም የአክብሮትና የጸሎት ምልክት ነው። ሊቃውንቱ ሌሊቱን በመቋሚያ ተደግፈው ያዜማሉ፤ ገድለ ተክለ ሃይማኖትም ጻድቁ ለብዙ ዘመን ቆመው ሲጸልዩ አንድ እግራቸው መሰበሩን ይተርካል። ስለዚህ የእግር ሕመም ለሐኪም ከመነገር ይልቅ በትዕግሥት ቢታለፍ አያስደንቅም።

የሕክምናው ታሪክ ረዥም ነው። ፕሉታርክ እንደ ጻፈው፣ ሮማዊው የጦር መሪ ማርዩስ ሳይታሰር ቆሞ አንድ እግሩን ካስቀደደ በኋላ፣ ፈውሱ ለሥቃዩ አይመጥንም በማለት ሁለተኛውን ከለከለ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ጀርመናዊው ትሬንደለንቡርግ ትልቁን የእግር ደም መልስ ቋጥሮ መዝጋትን አስተዋወቀ። ይሁን እንጂ ተማሪው ፔርቴስ በ1895 የታካሚዎቹን ውጤት ሲመረምር፣ ሕመሙ የተመለሰባቸው መኖራቸውን ገለጸ። ከ1905 እስከ 1907 ባሉት ዓመታት ኬለር፣ ሜዮና ባብኮክ የተባሉት አሜሪካውያን ሐኪሞች ደም ሥሩን መዞ ማውጣትን አሻሻሉ፤ ይህም መንገድ እስከ ክፍለ ዘመኑ ፍጻሜ ድረስ ገነነ።

በ1999 የሬዲዮ ሞገድ፣ በ2002 ደግሞ የሌዘር ሕክምና በአሜሪካ መንግሥት ተፈቀደ። በሁለቱም ቀጭን ቱቦ በአልትራሳውንድ እየተመራ ወደ ሥሩ ይገባል፤ ዙሪያው በማደንዘዣ ፈሳሽ ይሞላል፤ ሙቀቱም ሥሩን ከውስጥ ይዘጋዋል። ታካሚው በዚያው ቀን እየተራመደ ወደ ቤቱ ይመለሳል። መድኀኒትን በአረፋ መልክ መውጋትም በዚሁ ዘመን ተስፋፋ።

ለመሆኑ ይህ ቅለት ዘላቂ ነውን? በብሪታንያ 798 ታካሚዎችን ያሳተፈው ጥናት በ2014 ባወጣው የመጀመሪያ ውጤት፣ በሕክምናው ወቅት የደረሰ ችግር በሌዘር 1 በመቶ፣ በአረፋ 6 በመቶ፣ በቀዶ ጥገና 7 በመቶ ነበር። በ2019 በወጣው የአምስት ዓመት ውጤት ደግሞ፣ በሌዘርና በቀዶ ጥገና የታከሙት በአረፋ ከታከሙት የተሻለ ኑሮ ይኖሩ እንደ ነበር ታየ። በ2015 የወጣው የጀርመን ጥናት ግን ጥንቃቄን ያስተምራል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በሌዘርም በቀዶ ጥገናም ከታከሙት ግማሽ ያህሉ ሕመሙ ተመልሶባቸዋል። የተለየው የሚመለስበት ስፍራ ነው፦ በሌዘር ጊዜ ቀድሞ በታከመው ቦታ፣ በቀዶ ጥገና ጊዜ ደግሞ በሌላ ቦታ በብዛት ታየ። እንግዲህ አዲሱ ዘዴ ያሸነፈው በሕመሙ መቅለልና በቶሎ ወደ ሥራ በመመለስ ነው፤ የሕመሙን ዝንባሌ ከሥሩ አልነቀለም።

ቁስል ላለበት ሰው ግን መዘግየት ይጎዳል። በ2018 የታተመውና 450 ሰዎችን ያሳተፈው የብሪታንያ ጥናት፣ ደም ሥሩ ቶሎ ሲዘጋ ቁስሉ በአማካይ በ56 ቀን፣ ሲዘገይ በ82 ቀን እንደሚድን አሳይቷል።

ከዚህ አንጻር የስደተኛው ችግር ከቀዶ ጥገናው ቀን ያልፋል። በአሜሪካ የጤና መድን በአብዛኛው ከሥራ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ሥራና አድራሻ ሲለወጡ ሐኪሙም ይለወጣል፣ ክትትሉም ይቋረጣል። የቀጣዩ ሐኪም ሥራ የሚቃናው ቀድሞ የተዘጋው ሥር የትኛው እንደ ሆነ ሲያውቅ ነው። ስለዚህ የአልትራሳውንዱን ውጤትና የተፈጸመውን ሕክምና የሚገልጸውን ወረቀት እንደ ፓስፖርት መጠበቅ ይገባል። የዳነ እግርም በየጊዜው ሊመረመር ይገባዋል፤ አምስት ዓመት የተከታተሉት ጥናቶች ያስተማሩን ይህንኑ ነውና።