የበሮች በር አንኮበር

ኮምፒውተር ሩቅ ያለ አድራሻ የት እንደሚገኝ አያውቅም። የሚያውቀው የራሱን ሰፈርና አንድ መውጫ በር ብቻ ነው። ፓኬቱ ከሰፈሩ ውጭ የሚሄድ ከሆነ ለዚያ በር ይሰጠዋል፤ ዲፎልት ጌትዌይ የምንለው እሱን ነው። በሩ ላይ ያለው ራውተርም መንገዱን እስከ ጫፍ አያውቅም። ቀጥሎ ለማን እንደሚያቀብል ካወቀ በቂው ነው።

ሸዋ ይህን አሠራር ከኬብል በፊት ኖራበታለች። አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ደጋው ወደ ይፋት ቆላ በሚወርድበት ጠርዝ ላይ ናት። ስሟም ራሱ በር አለበት፤ አንኮ የምትባል ገዥ በር ነበር ይላል አፈ ታሪኩ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1813–1847) ከታጁራ የሚነሳ ነጋዴ የደጋውን መንገድ ሁሉ ማወቅ አያስፈልገውም ነበር። ግመሉ ቆላውን አቋርጦ ተራራው ሥር ይደርሳል፤ ዳገቱን ግን አይወጣም። ጭነቱ በአጋሰስና በሰው ትከሻ ይቀጥላል። ፓኬትም እንዲሁ ነው፦ መድረሻው ሳይቀየር ተሸካሚው በየራውተሩ ይቀየራል።

በሩ ጠባቂም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ መልዕክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ሲመጣ፣ የንጉሡ ፈቃድ እስኪደርስ ታች አልዩ አምባ ላይ መጠበቅ ነበረበት። የዛሬ ልጅ ፋየርዎል ይለዋል።

ከዚያ መንገዱ ተቀየረ። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ጭኖ እ.ኤ.አ. በ1887 መጀመሪያ አንኮበር ቢደርስ ንጉሡ የሉም፤ እንጦጦ ድረስ መሄድ ግድ ሆነበት። ሐረር በዚያው ሰሞን በምኒልክ እጅ ገብታ ነበርና ሲመለስ በሐረር በኩል ወጣ። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። የአንኮበር ተራራ ንቅንቅ አላለም፤ የተቀየረው የሌሎች የመንገድ ሰንጠረዥ ነው።

ምሳሌዬ ግን አንድ ቦታ ላይ አይሠራም። ተራ ራውተር አድራሻ ያነባል እንጂ የፓኬቱን ሆድ አይከፍትም። በአንኮበር በር ግን ከአሞሌ ጨውና ከዝሆን ጥርስ ጋር ሰውም ያልፍ ነበር። አልዩ አምባ አጠገብ አብዱል ረሱል የሚባል የባሪያ ገበያ ነበር፤ ወደ ባሕር በሚወርደው ሰው ላይም ቀረጥ ይቆረጥ ነበር። ቀራጩ ምን እንደሚያሳልፍ ያያል፣ ይቆጥራል፣ ገንዘቡን ይቀበላል።

እኔ ኮድ እየጻፍኩ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ "እኛ አቀባይ ብቻ ነን" ሲባል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ይሄ ለማሽኑ እውነት ነው። በሩ ላይ ለቆመው ሰው ግን ያኔም እውነት አልነበረም፤ ዛሬም አይደለም።