ዲቢ፣ ቲጂ፣ ኬዲ፦ በፊደል የሚጠራ የሴት ልጅ ስም ስትመርጡ ማወቅ ያለባችሁ

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ሰሞን ቤታችን ውስጥ ከገንፎው በላይ የበዛው የስም ዝርዝር ነበር። እናቴ አንድ ስም ይዛ መጣች፣ አማቷ ሌላ፣ ጎረቤት ሌላ። እህቴ ግን የፈለገችው አንድ ነገር ነው፦ ሙሉ ስሟ ትርጉም ያለው ሆኖ፣ ስትጠራ በሁለት ፊደል የምትጠራ ልጅ። «ቲጄ»፣ «ቢጂ» ምናምን እንደሚባለው ማለት ነው።

ቀላል መስሎን ነበር። እናቴ ከድሮ ጀምሮ የምትወደው ስም ትዕግስት ነው። የልጅቷ አባት ስም የሚጀምረው ደግሞ በ«በ» ነው። ሁለቱን በእንግሊዝኛ ፊደል ስናገጣጥማቸው «ቲቢ» ሆነው አረፉት! ነርስ የሆነችው የአክስቴ ልጅ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እኔም በዛው ቀን ነው ነገሩን ቁጭ ብዬ በደንብ ማየት የጀመርኩት።

ለመውለድ የተቃረባችሁ ወይም በቅርብ የወለዳችሁ ካላችሁ፣ የደረስኩበትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ።

ስም የምናቆላምጥባቸው ሦስት መንገዶች

1. የስሙን መጀመሪያ ወስዶ መጨረሻውን ወደ «ኢ» ማዞር። በጣም የተለመደው ይሄ ነው። መሠረት «መሲ»፣ ማህሌት «ማሂ»፣ መቅደስ «መቅዲ»፣ ራሔል «ራሂ»፣ ሰሚራ «ሰሚ»፣ መዲና «መዲ» ትሆናለች።

2. አንድ ፊደል ወስዶ መድገም። ፊደሏን ወደ ሣልሷ እንወስዳታለን (ሀ ሁ ሂ ስንል «ሂ» ያለችበት ቦታ ማለት ነው)፣ ከዛ ሁለት ጊዜ እንላታለን። ሜሮን «ሚሚ»፣ ሊዲያ «ሊሊ»፣ ትዕግስት «ቲቲ»። የምትደገመው ፊደል ሁልጊዜ የመጀመሪያዋ ላትሆን ትችላለች። ድምፃዊት እጅጋየሁ ሽባባውን ሁላችንም የምናውቃት «ጂጂ» ብለን ነው፤ ስሟ ውስጥ ያለችውን «ጅ» ልብ በሏት።

3. የልጅቷንና የአባቷን የመጀመሪያ ፊደል ማገጣጠም። ክፍል ውስጥ ሦስት ሀና ከነበሩ፣ «ሀና ኤም»፣ «ሀና ቲ»፣ «ሀና ጂ» እየተባሉ መለየታቸው ትዝ ይላችኋል። ድምፃዊት ብሩክታዊት ጌታሁንም በመድረክ ስሟ «ቤቲ ጂ» ናት፤ «ጂ»ዋ የጌታሁን ናት። ከዚህ አንድ እርምጃ አልፎ ስሙን ትቶ ሁለቱን ፊደል ብቻ መጥራት ነው እነ «ቲጄ»ን ያመጣው።

ሁለተኛውን ፊደል እናንተ አትመርጡትም

ውጭ ሀገር ሰዎች ለልጃቸው የመሀል ስም ራሳቸው ስለሚያወጡ ሁለቱንም ፊደል እንደፈለጉ ያገጣጥማሉ። እኛ ጋ ከልጅቷ ስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባቷ ስም ነው፣ ከዛ የአያቷ። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከኋላ ነው። መጀመሪያ የአባትየውን ፊደል ያዙ፣ ከዛ ከፊቱ የምትገባ ፊደል ፈልጉ።

- አባት በ«በ» ከጀመረ (በቀለ፣ ብርሃኑ፣ በድሩ)፦ ዲና ወይም ዲቦራ «ዲቢ»፣ ኤደን «ኢቢ»። ትዕግስትና ጽዮን ላይ ግን «ቲቢ» ትመጣለች።
- በ«ገ» ከጀመረ (ጌታቸው፣ ግርማ፣ ጋዲሳ)፦ ቤተልሔም፣ ብርቱካን ወይም ቢፍቱ «ቢጂ»። ትዕግስት ደግሞ «ቲጂ»። ትዕግስት ድሮም «ቲጂ» ናት፤ አባቷ በ«ገ» ሲጀምር ሁለቱም መንገድ አንድ ቦታ ያደርሳል።
- በ«ጀ» ከጀመረ (ጀማል፣ ጀንበሬ)፦ ትርሲት «ቲጄ»፣ አያንቱ ወይም አበባ «ኤጄ»፣ ዲንቂ «ዲጄ»። ዲጄ መባል የምትወድ ልጅ ካደገች ማለቴ ነው።
- በ«ተ» ከጀመረ (ተስፋዬ፣ ታደሰ፣ ቶሎሳ)፦ ቅድስት ወይም ኸድጃ «ኬቲ»፣ ብሌን «ቢቲ»።
- በ«ደ» ከጀመረ (ዳዊት፣ ደሳለኝ)፦ ኤደን «ኢዲ»፣ ደስታ «ዲዲ»።

የአባቱ ፊደል የማይመች ቢሆንም ከስሙ ከራሱ ሁለት ፊደል የሚወጣላቸው ስሞች አሉ። ቃልኪዳን ሁለት ቃል ስለሆነች በ«ኬ» እና በ«ኪ» ከመታሰር «ኬዲ» ብትባል የ«ዳን» ፊደል ይገባታል። ዲቦራም «ዲ» እና «ቢ»ን ይዛ ነው የመጣችው።

የእንግሊዝኛው ፊደል አልጠራ ሲል ወደ ፊደላችን ተመለሱ

የእንግሊዝኛ ፊደላት ሁሉ ለመጠራት እኩል አይደሉም። ቢ፣ ዲ፣ ጂ፣ ፒ፣ ቲ፣ ጄ እና ኬ አፍ ላይ ቀላል ናቸው። ኤም፣ ኤን፣ ኤል፣ ኤስ እየጎተቱ ነው የሚወጡት። ኤች፣ ዜድና ደብሊው ደግሞ ጭራሽ። አባቷ ወንድሙ ወይም ዘሪሁን ከሆነ «ኤል ደብሊው»፣ «ኤል ዜድ» ብሎ ልጅ መጥራት አይሆንም፤ የመኪና ታርጋ ነው የሚመስለው።

እዚህ ላይ የራሳችን ፊደል ያወጣችኋል። የእኛን ፊደል በአብዛኛው የምንጠራው በድምፁ ነው። 33ቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው ሰባት ድምፅ አላቸው፣ በድምሩ 231። ስለዚህ የልጅቷንም የአባቷንም ፊደል ወደ ሣልስ ውሰዱና አጣብቋቸው፦

- ሊያ + ዘሪሁን = «ሊዚ»
- ሊያ + ወንድሙ = «ሊዊ»
- ናርዶስ + ከበደ = «ኒኪ»
- ሜሮን + ላቀው = «ሚሊ»
- ሊዲያ + ሰለሞን = «ሊሲ»

በእንግሊዝኛው «ኤን ኬ» ብሎ የሚከብደው በእኛ «ኒኪ» ብሎ ይቀላል። እህቴ ይሄን ስነግራት «እስከ ዛሬ የት ነበርክ» ነው ያለችኝ።

በላቲን ስትጻፍ ፊደሏ ትቀየራለች

በኤቢሲዲ የሚጠራ ስም ከፈለጋችሁ፣ ስሟ በላቲን ፊደል በምን እንደሚጀምር ከአሁኑ ወስኑ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

- ሸ፣ ቸ፣ ጨ እና ጸ በእንግሊዝኛ ሁለት ፊደል ይፈጃሉ፤ የምትቀረው የመጀመሪያዋ ናት። ሸዊት «ኤስ» ትሆናለች። ጽዮን በአብዛኛው «ቲ» ናት፣ በዜድ የሚጽፏትም አሉ።
- ቀ በ«ኬ»ም በ«ኪው»ም ይጻፋል። ቅድስትን በኪው ከጻፋችኋት «ኬቲ» ቀረች። ኸድጃም በኬም በኤችም ትጻፋለች።
- ኢየሩሳሌምማ ተዉት፦ በኢ፣ በአይ፣ በጄ፣ በዋይ ሲጽፏት አይቻለሁ። «ጄሪ» ብላችሁ ልትጠሯት ከሆነ በጄ አስጽፏት።
- በአማርኛ «ኢ» ብላችሁ የምትጀምሩት ስም በእንግሊዝኛ ፊደሉ «አይ» ሊሆን ይችላል። ኢክራም እንዲህ ናት።
- በቁቤ ደግሞ ሌላ ነው። ጥሩነሽ በቁቤ ስትጻፍ በኤክስ ነው የምትጀምረው፣ በእንግሊዝኛ ግን በቲ። ቅድስት በቁቤ ኪው ናት። ጫልቱ ግን በሁለቱም በሲ ስለምትጀምር አታስቸግርም።

አባቱ ገብረማርያም ወይም ወልደሚካኤል የሆነ ሰው አንድ ነገር ይጨመርበታል። እኛ «ገ/ማርያም»፣ «ወ/ሚካኤል» ብለን በእዝባር ማሳጠር ልማዳችን ነው፣ ያውም የቆየ። ብዙ የኦንላይን ፎርሞች ግን እዝባሯን አይቀበሉም። ሙሉውን አስጽፉት።

ውጭ ሀገር ለምትኖሩ ደግሞ፦ እዛ ፎርም ላይ የቤተሰብ ስም ሆኖ የሚገባው አንዳንዱ ቤት የአባት ስም ነው፣ ሌላው ቤት የአያት። ልጅቷ ትምህርት ቤት የምትጠራበት ሁለተኛ ፊደል በዚህ ስለሚወሰን፣ መጀመሪያ የትኛው እንደሚገባ ተስማሙ።

ከመወሰናችሁ በፊት የምትሞክሯቸው

የቀልድ ፈተና። ልጆች ምሕረት የላቸውም። ማህሌት ተስፋዬ «ኤም ቲ» ስትባል እንግሊዝኛ የቻለ ልጅ ሁሉ «ባዶ» ይላታል። ቅድስት ጌታቸው «ኬጂ» ስትባል «ስንት ኬጂ ነሽ?» ይከተላል። ኢክራም ደሊል «አይዲ» ሆና መታወቂያ ትሆናለች። ወይንሸት ጫላ «ደብሊው ሲ» ናት፤ ሽንት ቤት በር ላይ የተጻፈውን ማለት ነው። በድግግሞሹም መንገድ ቢሆን ካሰችን «ካካ» ብሎ የሚያቆላምጥ እንዳይመጣ።

የሦስት ፊደል ፈተና። የአያትን ስም ጨምሩበት። አበባ ተስፋዬ መኮንን «ኤቲኤም» ናት። ሁለቱ ፊደል ሰላም ሆኖ ሦስተኛው የሚያበላሸው አለ።

የ«ዬ» ፈተና። ስናባብል መጨረሻ ላይ «ዬ» እንጨምራለን። «ዲቢዬ»፣ «ሊዚዬ»፣ «ኒኪዬ» ይሄዳል። «ቲጄዬ» ትንሽ ይከብዳል። «ኤችዬ» አይሆንም።

የጩኸት ፈተና። በረንዳ ላይ ቆማችሁ ወደ ሰፈር ልጆች ጮክ ብላችሁ ጥሩት። የጎረቤት ልጅ አብራ ዞር ካለች ስሙ ተይዟል። «ሚሚ» ብላችሁ ብትጣሩ ስንቷ «አቤት» እንደምትል እናንተም ታውቃላችሁ።

የዕድሜ ፈተና። ሙሉ ስሟን ከ«ወይዘሮ»፣ ከ«ዶክተር»፣ ከ«ዳኛ» ጋር በሉት። የቤቷ ስም ለዚህ ላይሆን ይችላል፣ ምንም አይደል። ሙሉ ስሟ ግን መሆን አለበት።

ፊደሏ ቤት ትቅር፣ ወረቀት ላይ ሙሉ ስም

ከላይ ያለው ሁሉ ጨዋታ ቢመስልም ይሄኛው ጨዋታ አይደለም።

አክስቴ ከልጅነቷ ጀምሮ «ሚሚ» ነው የምትባለው። ትምህርት ቤት ወስዶ ያስመዘገባት የጎረቤት ሰው ሌላ ስም ስለማያውቅላት «ሚሚ» ብሎ አስጻፈ። መታወቂያዋም በዛው ሄደ። አያቴ ሲያርፉ ኑዛዜያቸው ላይ የተገኘው ግን እሳቸው ያወጡላት ስም ነው። ኑዛዜው ላይ ያለችውና መታወቂያው ላይ ያለችው አንድ ሰው መሆኗን ለማስረዳት ምስክር ይዛ ፍርድ ቤት ተመላለሰች። ወራት ፈጀባት። ሐዘን ላይ ሆና «እኔ እኔ ነኝ» ብላ መከራከር ነበረባት። አባቷ ያወጡላትን ስም መጀመሪያ በሰው ፊት ጮክ ብላ የተናገረችው ችሎት ላይ እንደሆነ ስትነግረኝ ዝም ነው ያልኩት።

ስለዚህ፦

- የልደት ምዝገባ ላይ ሙሉ ስሟን አስጽፉ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ክርስትና ለምታስነሱ፣ ሴት ልጅ የምትነሳው በ80 ቀኗ ስለሆነ፣ እስከዛ ጠብቃችሁ ከሆነ የቀራችሁ 10 ቀን ብቻ ነው። በሰባተኛው ቀን ስም የምታወጡ ሙስሊም ቤተሰቦች ጊዜ አላችሁ፣ ግን አታዘናጉት።
- የክርስትና ስሟ (ወለተ ማርያም፣ አመተ ሚካኤል) ሌላ ነው። ከምዝገባው ስም ጋር አታደባልቁት፣ ግን ጽፋችሁ አስቀምጡላት።
- የላቲን አጻጻፉን በወረቀት ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ለመዝጋቢው ግምት አትተዉት። የክትባት ካርዱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ፓስፖርቱም ያንኑ ይከተል።
- መጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት የሚወስዳት ሰው ሙሉ ስሟን መያዙን አረጋግጡ። ልጅቷንም አስተምሯት። «ስምሽ ማነው?» ስትባል ሁለቱንም ትናገር።
- ተሳስታችሁ ካስመዘገባችሁ ቶሎ አስተካክሉ። ልጅቷ ካደገችና ሰነዱ ከበዛ በኋላ ስም ማስለወጥ ፍርድ ቤት የሚያስኬድ ጉዳይ ነው።

እህቴ በመጨረሻ ምን አደረገች? ከ«ዲ» የሚጀምር ስም ወጣላት። እናቴ ለትዕግስት ጥቂት ቀን አኮረፈች፣ ከዛ «ዲቢዬ» ማለት ከሁሉም በፊት የጀመረችው እሷ ሆነች። አሁን ሰፈሩ በሙሉ ዲቢ ነው የሚላት። ሙሉ ስሟ ልደት ሰርተፊኬቷ ላይ፣ ፊደል በፊደል ተስተካክሎ ተጽፎ ተቀምጧል። ስታድግ የቱን እንደምትመርጥ የሷ ፋንታ ነው፤ እኛ ሁለቱንም አዘጋጅተንላታል።

ቀኗ የደረሰ ጓደኛ ካለቻችሁ ላኩላት። የአባትየውን ፊደል እንዳትረሳ።