ቀላልና ስሕተት ቻይ የጎልፍ ብረት

ለጀማሪና ክንዱ ለማይፈጥን ተጫዋች የሚሠራ የጎልፍ ዱላ ነው። ክብደቱ ከመምቻው መሀል ወደ ጠርዙና ወደ ታች ይገፋል፤ ስለዚህ ኳሷ ጫፉን ብትነካም መምቻው እምብዛም አይጠማዘዝም። ስልቱን በይበልጥ ያስፋፋው ኖርዌይ የተወለደው መሐንዲስ ካርስተን ሶልሃይም ሲሆን፣ ፒንግ የተባለውን የጎልፍ ዕቃ ኩባንያ በ1959 እ.ኤ.አ. መሠረተ። ዱላው እንዲቀልል ደግሞ ዘንጉ ከግራፋይት ይሠራል፤ የግራፋይት ዘንግ ከብረት ዘንግ ይቀልላል።

በባሕር ዳር አካባቢ የክብደትን ነገር ለማስረዳት የገና ዱላ ይበቃል፦ ቆልማማ ጫፉ ሩሯን ይመታል፤ ለልጅ ክንድ ከከበደ ግን ዘግይቶ ይደርሳል። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ይላል፤ ያው ምት ከባሕር ጠረፍ ይልቅ እዚህ ኳሷን ያርቃታል። ጀማሪ ሆይ፣ የጎልፍ ዱላውን ዋጋ ሳትጠይቅ ክብደቱን በእጅህ ሞክረው።