ከወርቅ ለቀማ ወደ ትወና

አንድ ኅብረተሰብ የሚሸልመው ተግባር የሚያፈራውን ሰው ይቀርጻል። ይህ ሐቅ በጨዋታ ታሪክም ውስጥ ጎልቶ ይታያል።

ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ ያሳተሙት «ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ»፣ ተጫዋቾች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ እያንዳንዳቸው የአንድን ገጸ ባሕርይ ሚና ይዘው፣ በጨዋታ መሪ አማካይነት ምናባዊ ጀብዱ የሚፈጽሙበት ነው። ገጸ ባሕርይው ወደ ላቀ ደረጃ የሚሸጋገረው የልምድ ነጥብ ሲያከማች ሲሆን፣ ነጥቡም በመሠረቱ የሚገኘው ጭራቅ በመግደልና ወርቅ በመሰብሰብ ነበር። በመሆኑም ካህኑም፣ ተዋጊውም፣ ሌባውም በአንድ የዝርፊያ ሚዛን ይለኩ ነበር።

ጋይጋክስ ራሱ በ1979 ባወጣው የጨዋታ መሪዎች መመሪያ የእያንዳንዱ ተጫዋች የሚና አፈጻጸም እንዲመዘን አደረገ። ሚናውን በሚገባ ያልተወጣ፣ ደረጃ ለመጨመር ረዘም ያለ ሥልጠናና ብዙ ወርቅ ይጠየቅ ጀመር። በ1989 የወጣው ሁለተኛው እትም ደግሞ የወርቁን ነጥብ ወደ አማራጭ ደንብነት ዝቅ አድርጎ፣ ሚናውን አሳምሮ ለሚጫወትና ሌሎችን ለሚያሳትፍ ነጥብ እንዲሰጥ ፈቀደ።

ሆኖም አዲስ ቅራኔ ተፈጠረ። አንደበተ ርቱዑ ነጥብ ሲያካብት፣ ዓይን አፋሩ ሚናውን ጠንቅቆ ቢያውቅም ወደ ኋላ ይቀራል፤ ለነጥብ ሲባል የሚደረግ ትወናም ከወርቅ ለቀማ ብዙ አይርቅም።

የ2014ቱ አምስተኛ እትም ሌላ መንገድ ተከተለ። ሚናውን በሚገባ የተጫወተ የሚያገኘው የልምድ ነጥብ ሳይሆን፣ በአስቸጋሪ ሰዓት ዕድሉን የሚያግዝ «መነቃቃት» ሆነ፤ ይህንንም ለጓደኛው ሊያስተላልፈው ይችላል።

ለመምህሩም ሆነ ለኪነት ሰው ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ሽልማት የጋራውን ፈጠራ ሊያጎለብት እንጂ ተዋንያንን እርስ በርስ ሊያፎካክር አይገባም።